መዶሻውን የተቀበሉ

ማክሰኞ፣ ሰኔ 3 ቀን 1978

ወይዘሮ ገበያነሽ ልጇን አዝላ ሳታንኳኳ የክፍሌን በር ከፍታ ስትገባ ሰሌዳው ላይ የክፍልፋይ ምሳሌ እየጻፍኩ ነበር። ጠመኔው በእጄ እንዳለ ዞር አልኩ።

«እትፍ በዪባት» አለችኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ከኢድ በዓል ተመልሰን የመጀመሪያ ቀናችን ነው። ልጅቷን አትጠገብን አውቃታለሁ፤ አራተኛ ክፍል፣ ፊት ወንበር ላይ የምትቀመጥ፣ የእጅ ጽሕፈቷ ከሁሉም የሚበልጥ። ባቲ አጎቷ ዘንድ ለቅሶ ሄዳ ስለነበር ከሳምንት በላይ ቀርታለች። አሁን እናቷ ጀርባ ላይ ጭንቅላቷ ወደ ጎን ወድቋል።

«ምን አልሽ?»

«እትፍ በዪባትና ልቀቂልኝ። ደብተሯን ለክፍሉ ሁሉ አንስተሽ ‹ይህ እጅ ወርቅ ነው› ያልሽው አንቺ ነሽ። ከዚያ ወዲህ እህል አልቀመሰችም። አንድ ቀን ታንቀጠቅጣታለህ፣ አንድ ቀን ትተዋታለህ…» ጾታውን ቀየረችብኝ። የምታናግረው በውስጤ ያለውን ነው።

«ሐኪም ቤት ውሰጃት።»

«መርፌ ወግተው እንዲገድሏት? ቡዳ የያዘው ሰው መርፌ እንደማይችል ጠፍቶሽ ነው?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ የምትራራልኝ ይመስል፦ «የኮምቦልቻው አባትሽ የማን ልጅ እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ነግሮናል። እኔ ክፉ ሰው አይደለሁም። ልቀቂልኝ ብቻ።»

እትፍ አላልኩም። ወጣች። ሰሌዳው ላይ ሦስት አራተኛ ከግማሽ ይበልጣል ብዬ ጻፍኩ። አንድም ልጅ አልገለበጠም።

ማታ። እትፍ ካልኩ አምኛለሁ። ካላልኩና ልጅቷ ከሞተች ገድያታለሁ። የቀጥቃጭ ዘር ነሽ ነው የሚሉኝ፤ ብረት የሚመታ ሁሉ በዓይኑ ሰው ይበላል ነው። የመምህራን ማሠልጠኛ ዲፕሎማዬ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ያየኛል።

ረቡዕ፣ ሰኔ 4

በዕረፍት ሰዓት ልጆቹ ዳቧቸውን በደብተር ከልለው በሉ። አንዷ ድንገት ስታየኝ ያልታኘከውን ዋጠች፣ አነቃት። ጀርባዋን ልመታላት እጄን ስዘረጋ ሸሸች።

ሞላልኝ ዛሬ ሥራ አለብኝ አለ። ሳይንስ አስተማሪው ሞላልኝ፣ ዓመቱን ሙሉ እስከ ቧንቧ ውሃ ሠፈር አብሮኝ የሚሄደው። ዝናብም ነበር። ስለዚህ ይሆናል።

ዓርብ፣ ሰኔ 6፣ ኮምቦልቻ

ከጁምዓ በኋላ ከደሴ አባባ ዘንድ ወረድኩ። እናቴ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው፤ የእህል መጋዘን ይጠብቃል። ነገርኩት። ሰማኝና እንደ ቁርኣን ተማሪ ቀጥ ብሎ ተቀምጦ ቆጠረልኝ፦ እንድሪስ፣ ሰይድ፣ ጀማሉዲን፣ ዑስማን፣ እያለ እስከ ሰባተኛው፣ እስከ ሸህ ሙሐመድ ኑር ድረስ።

«ሸሁ ከቦርከና ማዶ ተቀብረዋል። ይኸው ዘርሽ። ማን ምን ይልሻል?»

እንደገና አስቆጠርኩት። አንድም ስም አልሳተም። ስለ አንዳቸውም ግን ምንም አልጨመረም፤ ማን ቁጡ እንደነበር፣ ማን ሁለት ሚስት እንዳገባ፣ ማን በምን እንደሞተ። አባባ ቁጥብ ሰው ነው።

ለመግሪብ ሶላት ሲታጠብ ክንዱ ላይ ያሉትን ነጠብጣብ ጠባሳዎች አየሁ። ልጅ ሳለሁ የገንፎ ፍንጣሪ ነው ይለኝ ነበር። ዛሬ ብጠይቀው «የዘይት ነው» አለኝ። ሰው ሲያረጅ ይረሳል።

ያመጣሁለትን አዲስ ቢላ በጥፍሩ መታ አድርጎ ጆሮው ላይ አስጠጋው። «ይህ ቶሎ ይሰበራል። ውሃ ውስጥ ሲከቱት ቸኩለዋል» አለ። የመጋዘን ጠባቂ ስንቱን ያውቃል።

ነገ ማዶ እሻገራለሁ። የሸሁ ልጆች የዘር ሐረጉን ጽፈው ይዘዋል ይባላል። አስገልብጬ፣ አስፈርሜ ደሴ ተመልሼ ሆጤ ሠፈራችን ላይ ጮክ ብዬ አነበዋለሁ። አፋቸውን በጽሑፍ ነው የምዘጋው።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 7

ሸህ ዘይኑልአቢዲን ጥሩ ሰው ናቸው። ከሸሁ ዘር ናቸው። ስሜ ዘይቱና መሆኑን ሲሰሙ «ማሻላህ፣ የተባረከ ዛፍ» አሉኝ። ወተት በዋንጫ ሰጡኝ። ብራናውን ከቆዳ ከረጢቱ አውጥተው ጉልበታቸው ላይ ዘረጉት፤ ጣታቸው ከስም ወደ ስም በእርጋታ ወረደ።

«ሸህ ሙሐመድ ኑር… ሦስት ሴቶች። ወንድ አልሰጣቸውም አላህ።»

«ከልጅ ልጆቻቸውም ዑስማን የሚባል የለም?»

«የለም ልጄ። አባትሽ ማነው ያልሽኝ?»

«እንድሪስ ሰይድ። ኮምቦልቻ ነው።»

ጣታቸው ቆመ። ከዚያ ሳቁ፤ ክፋት የሌለበት፣ ከልብ የሆነ ሳቅ። «የሳፊያ ወንድም እንድሪስ! ሸህ ሆነና ዐረፈው? አብሽሪ፣ እኛንም ከዘመዶቹ ቆጠረን ማለት ነው።»

የጆሮዬ ጫፍ ጋለ። የሰይድ ስም በየትኛው መዝገብ እንደሚገኝ ጠየቅኳቸው።

«ቀጥቃጭ አይጻፍም» አሉኝ። «ማን ያስጽፈዋል? ግን መጥፎ ሰዎች አይደሉም። ማረሻችን ሁሉ ከነሱ ነው። አክስትሽ ከዋርካው ታች ናት፤ መዶሻው ይሰማሻል።»

ይሰማኝ ነበር። ከገባሁ ጀምሮ ይሰማኝ ነበር።

ስወጣ ልጃቸው የጠጣሁበትን ዋንጫ ከሌሎቹ ለይታ ደጅ ድንጋይ ላይ ስታስቀምጠው አየሁ።

ወደ ዋርካው አልወረድኩም። መሽቶብኝ ነው። ኮምቦልቻ ስደርስ የቀትሩ የዙሁር አዛን አለ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ርእሰ መምህሩ አቶ ፈንታሁን አስጠሩኝ። በቀበሌው የሕገ መንግሥት ረቂቅ ውይይት ላይ አንቀጾቹን የማነበው እኔ ነበርኩ። «ለጊዜው ሌላ ሰው ያንብብ» አሉ። «ማኅበረሰቡ ተረብሿል። እኔ እንደዚህ ዓይነት ኋላ ቀር አስተሳሰብ እንደማልቀበል ታውቂያለሽ።»

«ታዲያ ማነው የሚቀበለው?»

«ዘይቱና፣ አታካርሪው።»

ኢትዮጵያውያን በሃይማኖት፣ በጾታ፣ በሙያ ሳይለዩ በሕግ ፊት እኩል ናቸው የሚለውን ባለፈው ስብሰባ ያነበብኩት እኔ ነኝ። በሙያ የሚለው ላይ አጥብቀው ካጨበጨቡት አንዱ የቀበሌው ኮሚቴ አባል አቶ እንየው ናቸው። የአትጠገብ አባት።

ሞላልኝ በሰው በኩል ማስታወሻ ላከ፦ «ያልፋል። አንቺ እንደዚያ እንዳልሆንሽ የሚያውቅሽ ሁሉ ያውቃል።» እንደዚያ ማለት እንደምን? መምህራን ማረፊያ ውስጥ ከፊት ለፊቴ ተቀምጦ እያለ ነው በሰው የላከልኝ።

ረቡዕ፣ ሰኔ 11

አትጠገብ ብሶባታል። ዛሬ ቃዠች አሉ፤ ስሜን ጠራች አሉ። አስተማሪዋ ነኝ፣ ማንን ትጥራ?

በአጥራቸው ሥር ሳልፍ ጭስ ሸተተኝ። እያጠኗት ነው። ካለፍኩ በኋላ ከሴቶቹ አንዷ «አካሄዷን እዪው፣ ምንም አልመሰላትም» ስትል ሰማሁ።

ምን እንዲመስለኝ ነው? ልሩጥ? ላልቅስ?

ከባቲ መጥታለች። ባቲ ቆላ ነው። አንድ ቀን እያለፈ ያንቀጠቅጣታል። ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ሰምቼዋለሁ፣ እዚሁ ደብተር ላይ ጽፌዋለሁም። ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ የማንን ዘር ነው ስፈልግ የዋልኩት? የራሴን። ልጅቷ በትኩሳት ስትቃጠል እኔ የሸህ ልጅ መሆኔን ለማስመስከር ወንዝ ስሻገር ነበር።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

ክፍል አልገባሁም። ዋርካው ሥር ወረድኩ።

አክስቴ ሳፊያ አጭር፣ ሰፊ ትከሻ ያላት ሴት ናት። ቀና ብላም አላየችኝ። «የሸሁ ልጅ መጣች!» አለች ለልጇ፤ ሸህ ዘይኑልአቢዲን ነግረዋታል። «ምንጣፍ አንጥፊላቸው እንጂ!»

«እኔ አይደለሁም ያልኩት፤ አባባ ነው።»

«አባባሽ! ወላሂ፣ ስንት ዓመቱ ነው ስሙን ከሰማሁ። ወፍሯል?»

«ከስቷል።»

«ይበለው።» ቀይ የሆነውን ማረሻ በጉጠት ገለበጠችው። «እዚያ ጋ ቁጭ በዪ። ወሬ ከፈለግሽ ንፊ፤ ብረት ቆሞ አይጠብቅም።»

ሁለቱን የወናፍ ቆዳዎች ያዝኩ። አንዱ ሲነሣ ሌላው መውረድ አለበት። መጀመሪያ እሳቱን አጠፋሁባት ማለት ይቻላል፤ ሰደበችኝ፣ ስድቧን አልጽፈውም። ቀስ በቀስ ክንዴ ለመደው። ዘራችንን ቁጠሪልኝ አልኳት።

«እኛ እንደነሱ እገሌ እገሌን ወለደ አንልም» አለች። «መውለድማ ማን ያቅተዋል? መዶሻውን ማን ተቀበለ፣ ወናፉን ማን ነፋች፣ እንላለን። ሁለት ካልሆኑ ብረት አይሠራም።» መዶሻዋን አነሣች። ከምቷ ጋር እያስማማች ቆጠረችልኝ፤ እኔም በወናፉ ሥር ሆኜ ያዝኩት፦

«ገብረ ማርያም መታ፣ ጣይባ ነፋች። ከገብረ ማርያም አማቹ ብሩ ተቀበለ። ብሩ መታ፣ መርየም ነፋች። ከብሩ ሰይድ ተቀበለ። ሰይድ መታ፣ ዘይቱና ነፋች።»

እጄ ቆመ። «ማን?»

«ንፊ! ዘይቱና። እናታችን። የአባትሽ እናት።» አሁን አየችኝ። «ስምሽ ማን ነው ያልሽኝ?»

አልነገርኳትም ነበር። ስነግራት መዶሻውን አስቀመጠች። ብረቱ ጠቆረ።

«ከሰይድ መቀበል የነበረበት እንድሪስ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ጥሎ ሄደ። እኔ አነሣሁት። ሴት መዶሻ አታነሣም አሉ፤ እነሱ የሚሉት መች ያልቃል።»

ስለ አትጠገብ ነገርኳት። እትፍ እንደማልል ነገርኳት።

«እኔ ስንቱን እትፍ ብያለሁ» አለች። «ግማሹ ይድናል፣ ግማሹ ይሞታል። የዳነውን ለቀቀችው፣ የሞተውን በላችው ይሉኛል። ያንቺዋ ልጅ ግን ለምን ሐኪም ጋ አልሄደችም?»

«መርፌ ይገድላታል ይላሉ። የያዛት ካልለቀቃት።»

አፍንጫዋን ነፍታ ማረሻውን ወደ እሳቱ መለሰች። እኔ ግን የተናገርኩትን ራሴው ሰማሁት። የያዛት ካልለቀቃት።

ዓርብ፣ ሰኔ 13

በችኮላ። ልጻፈው።

ከጠዋቱ ሄድኩ። ግቢያቸው ሰው ሞልቷል። አቶ እንየው በሩ ላይ ቆሙ፤ እኔን ሲያዩ መንገድ ለቀቁ። ፈርተውኛል። የቀበሌ ኮሚቴው፣ ሽጉጥ የሚታጠቁት ሰውዬ፣ ፈሩኝ።

ልጅቷ መደብ ላይ ናት። ዓይኗ ቢጫ፣ ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። አየችኝና «ቲቸር» አለች።

ጮክ አልኩ፣ አጥር ላይ ያሉትም እንዲሰሙ። «ሰምታችሁ ነበር፣ አሁን ከእኔ ስሙ። የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ። አያቴ ሰይድ መታ፣ አያቴ ዘይቱና ነፋች። አክስቴ ዛሬም ትመታለች።»

ወይዘሮ ገበያነሽ እግሬ ላይ ወደቀች። «እትፍ በዪልኝ እመቤቴ!»

«እዚህ አልልም። ሐኪም ቤት በር ላይ እላለሁ።»

«መርፌው…»

«መርፌው የሚገድላት እኔ ካልፈቀድኩ ነው። ፈቅጃለሁ። አሁን ካልተነሣችሁ ግን ፈቃዴን መልሼ እወስዳለሁ።»

ከየት እንደመጣልኝ አላውቅም። ድምፄ የእኔ አልነበረም፤ ወይም ዛሬ ነው የእኔ የሆነው። አቶ እንየው ልጃቸውን በጋቢ ጠቅልለው ተሸከሙ። መንገዱን ሁሉ ከኋላችን ሰው እየጨመረ ተከተለን። በሩ ላይ እትፍ አልኩባት። አፌ ደርቆ ስለነበር ምራቅ እንኳ አልወጣም። ያው አስገቧት።

ነርሷ ደሟን አየች። ወባ።

እሑድ፣ ሰኔ 15

ትኩሳቷ ወርዷል። ሾርባ ጠጣች። ሐኪሙ ትንሽ ቢዘገይ አንጎሏ ላይ ይወጣ ነበር አለ። ለወላጆቿ ስለ ትንኝ ሲያስረዳ እነሱ እኔን ነው የሚያዩት።

ከሰዓት በኋላ ወደ አባባ ወረድኩ። መዶሻውን ማን እንደተቀበለ ቆጠርኩለት፣ አክስቴ እንዳስተማረችኝ፣ ጉልበቴን በእጄ እየመታሁ። ዘይቱና ላይ ስደርስ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ።

«ወናፉ አሁንም ያፏጫል?» አለ። «የግራው። እናቴ በሰም ትደፍነው ነበር።»

«ያፏጫል።»

ፊቱን ሳይመልስ፦ «ለሰው እንዳታወሪ» አለኝ።

አውርቻለሁ አባባ። ሆጤ በሙሉ ሰምቷል። ይህን ግን አልነገርኩትም።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ለቀቀቻት ይላሉ። ወባ የሚል አንድ ሰው አልሰማሁም። ዳቦ ሻጯ ሂሳብ አልቀበልም አለችኝ፣ አጎንብሳ። ሴቶች መንገድ ላይ ሕፃን ይሸፍናሉ።

ሞላልኝ በመጨረሻ አናገረኝ፣ ሰው በሌለበት። «ብልህ ነሽ! በራሳቸው አጉል እምነት ገባሽላቸው። ግን እኮ እውነት መስሏቸው ቀረ፤ የቀጥቃጭ ልጅ ነኝ ያልሽውን ማለቴ ነው።»

«እውነት ነው።»

ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ትቶ ሰዓቱን አየ። ዝናብ አልነበረም።

ሰኞ፣ ሰኔ 23

የገበያ ቀን። አክስቴ ማጭድ ልትሸጥ ደሴ ወጥታ ነበር። እየሮጥኩ ሄድኩ፤ ልጅቷ መዳኗን ልነግራት፣ ደስ ይላታል ብዬ።

«ሰምቻለሁ» አለች። «አውቶቡሱ ላይ ሁሉ የሚወራው እሱ ነው። ‹የሳፊያ ወንድም ልጅ ፈቃዴን መልሼ እወስዳለሁ ብላ አስፈራርታቸው ለቀቀች።› ማን ፈቀደልሽ?»

«ልጅቷ ትሞት ነበር።»

«ትሞት ነበር። እኔስ ነገ ከዚያ ሸለቆ ስንት ልጅ በላሽ ልባል ነው? ቀጥቃጭ ራሷ አመነች፣ አስተማሪ የሆነችው አመነች ይላሉ። እኔ የምሸጥላቸው ማጭድ ነው። አንቺ ፍርሃት ሸጥሽላቸው።»

ማጭዶቹን በየመጠናቸው ደረደርኩላት። አልከለከለችኝም። ገዢ ሲመጣ «የወንድሜ ልጅ ናት» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር። ሰውየው ማጭዱን ከእኔ እጅ አልተቀበለም፤ መሬት ላይ አስቀምጪው አለኝ።

«ከእጇ ውሰድ» አለችው አክስቴ። «ካልሆነ በጥርስህ እጨድ።»

ወሰደ።

ሌሊት። ትክክል ናት። እኔም ትክክል ነበርኩ። ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚያድሩ አላውቅም፤ ከእኔ ጋር ግን እያደሩ ነው። ልጅቷን መልሰው ቢያመጧት ያንኑ እላለሁ። ውሸቱን ግን እዚያ ትቼው አልሄድም።

ረቡዕ፣ ሐምሌ 2

ዛሬ ሁለት ነገር ሆነ።

አቶ ፈንታሁን የዝውውር ቅጽ ሰጡኝ፤ ቦታው እንኳ አልተጻፈበትም። «በራስሽ ጥያቄ ቢሆን ያምራል። ለደኅንነትሽ ነው» አሉ። ቅጹን ሳልሞላ ጠረጴዛቸው ላይ መለስኩት። ማኅበረሰቡን የረበሸ ሰው ካለ እሱን እንዲያዛውሩ ነገርኳቸው። በሩን አልወረወርኩትም፤ በቀስታ ነው የዘጋሁት።

ቤት ስደርስ ወይዘሮ ገበያነሽ ደጄ ላይ ቆማለች። አትጠገብ በእጇ ተይዛለች፣ ቆማ። በሌላው ብብቷ ቀይ አውራ ዶሮ።

«እንዳትመለሺባት ነው» አለች። «ለምስጋና።»

«ገበያነሽ፣ ወባ ነው የያዛት። የዳነችው በመድኃኒት ነው። እትፍ ያልኩት፣ ፈቅጃለሁ ያልኩት፣ ወደ ሐኪም እንድትወስጃት ነው። ውሸት ነበር። እኔም፣ አክስቴም፣ ከእኛ ማንም ሰው አይበላም።»

«እሺ እመቤቴ» አለች። እንደ ሕፃን የምታባብለኝ ያህል። «እንዳልሽ። ዶሮውን ብቻ ተቀበዪኝ።»

«አልቀበልም።»

«እንዳትቀየሚ…»

«ተቀይሜያለሁ። ዶሮውን ለልጅሽ እረጂላት፣ ደም አንሷታል። ሐምሌ ሲጋመስ ደግሞ ቤቴ ላኪያት፤ ጽሕፈቷ ተበላሽቶ እንደሆነ አያለሁ።»

አትጠገብ ቀና ብላ አየችኝ። «ቲቸር፣ አልተበላሸም» አለች። እናቷ አፏን ልትይዛት ስትል እጇን ቀድሜ ያዝኩ፤ የልጅቷን እጅ፣ በእናቷ ፊት፣ ገልብጬ አየሁት። ወርቅ ነው አልኩ። ጮክ ብዬ። የእናቷ ፊት ጠቆረ። ልጅቷ ሳቀች።

እሑድ የመጨረሻው ውይይት ነው። አንብቢ የሚለኝ የለም፤ አስተያየት ለመስጠት እጅ ማውጣት ግን አልተከለከለም። በሙያ የሚለው ቃል ሲነበብ እነሣለሁ። ወባ መሆኑን ለሁሉም እነግራለሁ። ከዚያ እቆጥርላቸዋለሁ፦ ገብረ ማርያም መታ፣ ጣይባ ነፋች፤ ብሩ መታ፣ መርየም ነፋች፤ ሰይድ መታ፣ ዘይቱና ነፋች፤ ከሰይድ ሳፊያ ተቀበለች። አባባም ቢመጣ በሩ ክፍት ነው።

ከዛሬ ጀምሮ አንቺ እንደነሱ አይደለሽም የሚለውን ምስጋና አልቀበልም። መጥፎ ሰዎች አይደሉም የሚለውንም አልቀበልም። ከሌሎች ተለይቶ ደጅ በሚቀመጥ ዋንጫ ወተት አልጠጣም። ንጹሕ መሆኔን ለማስረዳት የማንንም ሸህ አልዋስም። የሚፈራኝ ሰው የሚሰጠኝን ዶሮም፣ የሚፈራልኝ ሰው የሚሰጠኝን ዝውውርም አልቀበልም። ማጭድ ከእጄ ላይ ይወሰዳል፤ መሬት ላይ አላስቀምጥም።